ግራ እግራቸው አጭር ነው

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

ክረምቱ እንዴት ወጣልዎ? ጉልበትዎስ፣ ያ ሳልዎስ? የደብረ ብርሃን ብርድ በጥቅምት ምን እንደሚያደርግ አልረሳሁም። ወንድሜ ዘርይሁን የላከልዎትን ወፍራም ካልሲ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ለእንግዳ እንደሚያሳዩትም ሰምቻለሁ። ያድርጉት እንጂ ጋሼ። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መስከረም መባቻ ላይ ነው። መልሱን እስከ ዛሬ ማቆየቴ ያሳፍረኛል። ሥራ በዛብኝ ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር። የምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ሰው ስለጎደለው እውነትም በዝቶብኛል። ነገር ግን ለእርስዎ ሁለት መስመር መጻፍ የሚከለክል ሥራ የለምና ይቅር ይበሉኝ። ጆሮዎ ስልክ አይሰማምና በዚህ ወረቀት ካልሆነ በምንም እንደማንገናኝ አውቃለሁ።

ተክለአብን አግኝቼው እንደሆነ ጠይቀውኛል። እሱን ሳይሆን ሥራውን ነው ያገኘሁት። ልጅዎ እንጨት ይጠርባል፤ እኔም የሰማሁት በቅርቡ ነው። ኬኒንግተን ውስጥ፣ እሱ ካለበት ሰፈር፣ ዱሮ ጫማ ማደሻ የነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለች። ቤንጃሚን የሚባል እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጋለሪ አድርጓታል። የሚያሳየው የተማረ ቀራጺ ሥራ አይደለም። ፖስታ አመላላሹ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ጡረታ የወጣችው ባልቴት ለራሳቸው ደስታ የሠሩትን የሚያስቅ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከመጥረጊያ ብሩሽ የተሠራ ፖሊስ አለ። ከማንኪያ የተሠራ ዓሣ አለ፤ አፉን ከፍቶ ሌላ ማንኪያ ሊውጥ ነው። የተክለአብ ዕቃዎች የኋለኛው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ዘጠኝ ናቸው።

ጃንጥላ የያዘ አውራ ዶሮ አለ፤ ጃንጥላው ተቀዷል፣ ዶሮው ግን ኮርቷል። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሦስት ፍየሎች አሉ፤ የመካከለኛዋ ሰዓቷን ታያለች። ጀርባው ላይ የተሸከመውን ቤት ‹የሚከራይ› ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ቀንድ አውጣ አለ። ሁሉም የተሠሩት ሰው ከጣለው ነው፤ የወንበር እግር፣ የቁም ሣጥን በር፣ ሹካ፣ የኮት ቁልፍ። የተክለአብ ሥራ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎችን መጠገን ስለሆነ የሰፈሩ ጥራጊ ሁሉ በእጁ ያልፋል። አንዲት ሴት ፍየሎቹ ፊት ቆማ እስክታነባ ሣቀች፤ እኔም ሳልወድ ሣቅኩ። ሁሉም ትንሽ ዘመም ይላሉ፤ ወለሉ ያረጀ ነው መሰለኝ።

ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ገና በአሥር ሰዓት መብራት አብርቻለሁ።

እጅ ነሥቻለሁ፣
የእኅትዎ ልጅ ብፅዓት


(በዚያው ቀን ተጽፎ ያልተላከ)

ጋሼ፣

ተክለአብ ሐምሌ 9 ቀን ዐርፏል። ልቡ ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁለት ቀን ሲያጣው በሩን አስከፈተ፤ ከአልጋው አልተነሣም። ቦርሳው ውስጥ የእኔ ስልክ ቁጥር ስለተገኘ ለእኔ ደወሉ። ፍትሐቱ በሥርዓቱ ተደርጓል። ቀብሩ ላይ አሥራ አራት ሰው ነበርን፤ ሁለቱ አያውቁትም፣ ካህኑን ተከትለው የመጡ ናቸው።

ልጽፍልዎ ስል ዘርይሁን ከሚኖርበት ሰፈር ከሃርልስደን ድረስ መጥቶ ከለከለኝ። «በወረቀት መርዶ አይነገርም» አለኝ። «ብቻቸውን አንብበው ቢወድቁ ማን ይይዛቸዋል? ለገና ስሄድ ጎረቤት ሰብስቤ፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ዝም በይ።» ልክ ነህ አልኩት። ከዚያ ግን የእርስዎ ደብዳቤ መጣ፣ ጥያቄዎ መጣ። ዝም ማለትና መዋሸት የተለያዩ መስለውኝ ነበር።

በእኔና በእሱ መካከል በባቡር አሥር ፌርማታ ብቻ ነበር። በዓመት ሁለቴ ብጠይቀው ነው። እንጨት እንደሚጠርብ ያወቅኩት ቀብሩ ላይ፣ ቤንጃሚን እጄን ይዞ «ኤግዚቢሽኑን አልሰርዝም፣ ቃል ገብቼለታለሁ» ሲለኝ ነው። ምን ኤግዚቢሽን? አልኩት። በራሴ አፈርኩ። ይህን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት፣

ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ካልሲውን አድርጌዋለሁ። ለእንግዳ ማሳየቱንም አልተውኩም፤ ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ነው የማሳየው።

ጆሮዬ ያው ነው። ቀኙ ሞቷል፣ ግራው ሲጮኹለት ይሰማል። ጎረቤቴ ፀሐዬ የዕድራችን ዳኛ ሆኗል። መርዶ ሲኖር እኔን ማስከተል ትቷል። «አንተ በሹክሹክታ መናገር አትችልም፤ ባለቤቱ ሳይነገረው ሰፈሩ ይሰማል» ይለኛል። እውነቱን ነው። የማለዳው ጉዞ ቀርቶብኛል፤ ለቀስተኛ ወንበር እደረድራለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወለሉ ነው ያልሽውን አላመንኩም። ፈረንጅ ወለል ሲሠራ ውሃ ልክ ይጠቀማል። ሂጂና እግራቸውን ለኪልኝ፤ የዶሮውንም፣ የፍየሎቹንም። ግራና ቀኙን ለይተሽ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ። በ1972 ዓ.ም. ተክለአብ ስምንት ዓመቱ ነው። የአንድ ነጋዴ ቤት ቆርቆሮ ስመታ ምስማር እንዲያቀብለኝ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ወደቀ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ውሰደው ብለውኝ ነበር። ሥራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። ወጌሻው አስሮ ለቀቀው፤ ግራ እግሩ አጥሮ ቀረ። እኔ በማግሥቱ ጣሪያው ላይ ነበርኩ።

ይህን አገር ያውቀዋል። አገር የማያውቀውን ልጨምርልሽ። ለንደን ከገባ በኋላ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ መናፈሻ ውስጥ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፣ ደስ ብሎታል። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት መሰለሽ? ‹ሁለተኛ ፎቶ ስትነሣ ዱላውን ከኋላህ ደብቀው፣ ሰው ያያል› አልኩት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ መስመር አልጻፈልኝም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

አሁን ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። ጠይቂልኝ። ይቅር ብሎኛል ወይስ አላለኝም? ረጅም መልስ አልፈልግም። ባይልም ንገሪኝ።

አጎትሽ ኃይለመለኮት


ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

እንኳን ለገና አደረሰዎ፤ ወረቀቱ ሲደርስዎ በዓሉ ቢያልፍም ምኞቴ አያልፍም። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን ጽፌ ቀደድኳቸው።

ዘርይሁን ለገና አይመጣም። ፈቃድ አልሰጡትም፤ ለፋሲካ ቲኬት ቆርጧል። ለምን ጉዳይ ነው የሚመጣው ብለው በዘመዶች በኩል ያስጠየቁኝን እሱ ራሱ ሲመጣ ይነግርዎታል።

በእረፍት ቀኔ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ቤንጃሚን ተንበርክኬ የፍየል እግር ስለካ አግኝቶ ሻይ አመጣልኝ። ጋሼ፣ ወለሉ ደህና ነው። ግራ እግራቸው አጭር ነው። የዶሮው በአንድ ጣት ያጥራል። የሦስቱም ፍየሎች በአንድ ጣት ያጥራል። ጫማ የምትሞክር ዳክዬ አለች፤ የእሷም እንዲሁ። እግር የሌለው ቀንድ አውጣ እንኳ በግራ በኩል ምርኩዝ ይዟል፤ መጀመሪያ ሳየው የማስታወቂያው እንጨት መስሎኝ ነበር። ለክቼ ስጨርስ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤንጃሚን እንዲህ አለኝ፦ «እኔም አንድ ቀን ስህተት ነው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ሣቀና፣ ቤተሰብ ናቸው፣ መመሳሰል አለባቸው አለኝ።»

መሣሪያዎቹም አሉ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። እጀታዋ ላይ በጋለ ብረት ‹ኃ› ተብሎ የተተኮሰባት ትንሽ መላጊያ አየሁ። የእርስዎ ናት?

ይቅር ብሎኛል ወይ ያሉትን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው አልቻልኩም፤ ምክንያቱን አሁን አይጠይቁኝ። አንድ ቀን ብዕሬን አንሥቼ ‹ይቅር ብሎዎታል› ብዬ ጽፌ ነበር። ከቀደድኳቸው አንዱ እሱ ነው። ከአፉ ያልወጣ ቃል በአፉ አድርጌ ብልክልዎ እግዚአብሔርም አይወደው።

አንድ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ዘጠነኛው ቅርጽ ብቻውን መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፣ በከንፈሩ ሦስት ምስማር ነክሷል። ጀርባው ላይ አህያ አዝሏል። እንግዶች ከሁሉም ይልቅ የሚሥቁት በእሱ ነው። አህያው ጥርሱን አሳይቶ ይሥቃል፤ ግራ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሰውዬው ግን እርስዎ ነዎት፤ ግንባርዎን ሳይቀር ነው ያወጣው። መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ አይቼው ነበር። መሳለቂያ አድርጎዎት ይሆን ብዬ ፈርቼ ዘለልኩት። ትርጉሙ አልገባኝም፤ ከገባዎት ይንገሩኝ።

ብፅዓት


ደብረ ብርሃን
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት፣

መላጊያዋ የእኔ ናት። አገር ለቆ ሲሄድ ከሣጥኔ ወስዷት ነበር። እኔም ሲወስዳት አይቼ እንዳላየ ዞርኩ፤ ስጦታ ብዬ ብሰጠው አይቀበለኝም ነበር።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መላጊያዋ መስታወት ውስጥ ካለች ልጄ በምን ይሠራል? አናጢ መላጊያውን ለመስታወት አይሰጥም። ሲታመም እንኳ ከትራሱ ሥር ያደርጋታል።

ስለ አህያው የምለው ነበረኝ፤ ሳላይ ግን አልናገርም። ቃል አልበቃኝም፣ ፎቶውን ላኪልኝ።

አጎትሽ


ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

ሌላ መላጊያ ገዝቷል። በዚህ አገር በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ።

ያሉኝን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ዳናዊት የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ለእኅቷ ሠርግ ስለምትመጣ ይህን ካርድ በእጅዎ ታደርስልዎታለች። ጋለሪው ያሳተመው ነው፤ አህያ ያዘለው ሰውዬ ነው። ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ስለ እንጨቱ ዓይነትና ስለ ቁመቱ ነው፤ አይድከሙበት።

ኤግዚቢሽኑ የካቲት መጨረሻ ላይ ያበቃል። ቤንጃሚን ቅርጾቹ የት ይሂዱ ብሎ ይጠይቀኛል። አንዱ ይላክልዎ ቢባል የትኛውን ይመርጣሉ? ወይስ ሁሉም እዚሁ ይቅሩ?

ሰሞኑን ፀሐይ የሚባል አላየንም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። ስለ እኔ አያስቡ። ያላልኩዎትንም፣ ያልኩዎትንም ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

ብፅዓት


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት፣

ካርዱን ያመጣችው ልጅ ደግ ናት። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች፤ ዓይኔንም ሳታየኝ ሄደች።

እንግሊዝኛ እንደማላነብ ታውቂያለሽ። ቁጥር ግን አነባለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ነው የኖርኩት። ከሥዕሉ ሥር 1972 ይላል። እኔ በ1972 የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ የወደቀበትን ዓመት በሰው አገር ግድግዳ ላይ ሰቀለብኝ አልኩ። ካርዱን ገልብጬ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ተናደድኩ፤ ደግሞ ይገባኛል አልኩ።

በአራተኛው ቀን መልሼ ሳየው ከጎኑ 2024 አለ። እኛ ገና 2017 ላይ ነን። ያልመጣ ዓመት እዚያ ምን ይሠራል? ግድግዳዬ ላይ የሁለቱንም አገር አቆጣጠር የያዘ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ አውርጄ ማስላት ጀመርኩ። የእነሱ 1972፣ ስምንት ሲነሣለት፣ የእኛ 1964 ነው። ተክለአብ የተወለደው መጋቢት 27 ቀን 1964 ነው፣ በመድኃኔዓለም ዕለት። የወደቀበት አልነበረም፣ የተወለደበት ነው። ደስ አለኝ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ከሁለተኛውም ላይ ስምንት አነሣሁ።

ብፅዓት፣ አርባ ዓመት የመቃብር መስቀል ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመተ ምሕረት ጎን ለጎን ለማን እንደሚጻፍ አውቃለሁ።

አልተቆጣሁሽም። ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ተሸክመሽው መክረምሽ ነው የከበደኝ። እኔም አንቺን ብሆን በወረቀት አልጽፈውም ነበር። ዘርይሁንም አይጨነቅ፤ ለፋሲካ ይምጣ፣ ግን በባዶ አፉ ይምጣ። ያረፈበትን ቀን ጻፊልኝ፤ የዓመቱን ተዝካር እዚህ እኔ አወጣለሁ። መላጊያዋን ብቻ ይዞልኝ ይምጣ።

ስለ አህያው የጠየቅሽኝን ልመልስ። ያን ቀን ከወደቀበት አንሥቼ አዘልኩት። የወጌሻው ቤት ከከተማ ውጭ ነበር፣ የሁለት ሰዓት መንገድ። እንዳያለቅስ ብዬ አህያ ሆንኩለት። አናፋሁ፣ ቆምኩ አልሄድም አልኩ፣ ‹ጌታዬ ጭነቱ ከብዶኛል› አልኩት። በዚያ ሕመሙ ሣቀ። እኔ ይህን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። አርባ አምስት ዓመት ጣሪያውን ሳስብ ኖርኩ፤ እሱ ያሰበው ጀርባዬን ኖሯል። አህያነቱን ደግሞ ለራሱ ወስዶ እኔን ሰው አድርጎ ተወኝ። የጠየቅኩሽ መልስ ይህ ይመስለኛል። ባይሆንም እንደ መልስ ተቀብዬዋለሁ።

ቅርጹን አትላኪልኝ። እዚህ ብቻዬን እያየሁት ላለቅስበት ነው፤ እዚያ ሰው ይሣቅበት። ቤንጃሚን ዘጠኙንም ሳይለያይ ያኑራቸው። ቤተሰብ ናቸው ብሎታል አይደል።

አንድ ነገር ግን ቸግሮኝ ነበር። ማልቀስ አቃተኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔን ገደደኝ። ስምንት ቀን ገበያ ሄድኩ፣ ቅዳሴ ሄድኩ፣ እንዴት ነህ ሲሉኝ ደህና አልኩ። ሰው ሳይነግረኝ እንዴት ብዬ ልጀምር? በመጨረሻ ፀሐዬ ቤት ሄድኩና «ልጄ ሞቷል፤ ነገ ሰው ይዘህ ናና ንገረኝ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «ታውቀው የለም ወይ?» አለኝ።

«ማወቁንስ ዐውቄዋለሁ፤ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት» አልኩት።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። በሩን ሳልቀረቅር አድሬያለሁ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ፀሐዬ በግራ ጎኔ ተቀመጠና ጆሮዬ ሥር ተናገረ። አልሰማሁም አልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አልሰማሁም አልኩት። በሦስተኛው ጮኸ፤ ስሙን ጠርቶ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ የማዶ ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ፤ እኔም ያኔ አለቀስኩ።

ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ የመጀመሪያውን ሰምቼው ነበር።

አጎትሽ ኃይለመለኮት